ፎቶ ሆኖ የቀረ ሰንጠረዥ

በቦሌ አራብሳ የጋራ መኖሪያ ቤቶች፣ እኔ በምኖርበት ሕንፃ መግቢያ ላይ በየወሩ መጀመሪያ አንድ ወረቀት ይለጠፋል። ለጥበቃ፣ ለጽዳትና ለውሃ መሳቢያ ሞተሩ መብራት የሚዋጣውን 300 ብር ማን እንደከፈለና ማን እንዳልከፈለ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ነው። ይፈረምበታል፣ ማኅተም ያርፍበታል፣ ከዚያ አንዱ የኮሚቴ አባል በስልኩ ፎቶ አንስቶ በሕንፃው የቴሌግራም ቡድን ይልከዋል። እዚህ የከተማው ጠርዝ ላይ ነፋሱን የሚመክት ነገር የለም፤ የተለጠፈው ወረቀት ሳምንት ሳይሞላው ተገንጥሎ ይሄዳል። የሚቀረው ፎቶው ነው።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖረው ጎረቤቴ መምህር ነው፤ ዓይነ ስውር ነው። ስልኩ የሚደርሰውን ጽሑፍ ሁሉ በድምፅ ያነብለታል። የሰንጠረዡ ፎቶ ሲመጣ ግን ስልኩ የሚናገረው አንድ ቃል ብቻ ነው፦ «ፎቶ»። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ በሬን አንኳኩቶ «ወንድሜ፣ እስቲ ከእኔ ቤት ቁጥር ትይዩ ምን እንደተጻፈ እይልኝ» አለ። አየሁለት። የተጻፈ ነገር የለም፤ ሳጥኑ ቀይ ተቀብቷል። በዚያ ሰንጠረዥ ቀይ ማለት «ዕዳ አለበት» ማለት ነው። እሱ ግን የኅዳርን መዋጮ ኅዳር 5 ቀን በባንክ አስገብቷል፤ ማረጋገጫው ስልኩ ውስጥ አለ።

አብረን ወደ ገንዘብ ያዧ ወረድን። የዕድሜ ባለጸጋ ናቸው፤ ሕንፃው ውስጥ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ደረሰኙን አይተው ደነገጡ፤ ቀጥለውም የዚህን ጽሑፍ ሐሳብ የሰጠኝን ነገር ተናገሩ፦ «ማስተካከሉንማ አስተካክለው ነበር፣ የኔ ልጅ። ግን አንዱን ስነካው ሌላው ይፈርስብኛል።»

ስለ ሰንጠረዥ ተደራሽነት ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስበው ለአካል ጉዳተኞች የሚደረግ ተጨማሪ ውለታ፣ ጊዜ ሲተርፍ የሚሠራ ነገር አድርጎ ነው። በዚያ ሳምንት የእትዬን ፋይል ተቀብዬ ከውስጥ ሳየው የገባኝ ግን ሌላ ነው። ጎረቤቴ ሊሰማው ያልቻለውና እትዬ ሊያርሙት ያልቻሉት በአንድ ምክንያት ነው፤ ሰንጠረዡ ሰንጠረዥ አልነበረም፣ የሰንጠረዥ ሥዕል ነበር።

ሰንጠረዥ የሚለው ቃል መጀመሪያ የጨዋታ ስም ነው፤ መኳንንቱ በየአዳራሹ ይጫወቱት የነበረ የቼዝ ዘመድ። በዚያ ጨዋታ አንድ ጠጠር ትርጉም የሚኖረው በየትኛው ረድፍና በየትኛው ዓምድ እንደቆመ ሲታወቅ ነው። የመረጃ ሰንጠረዥም እንዲሁ ነው። «300» ብቻውን ምንም አይደለም፤ የየትኛው ቤት፣ የየትኛው ወር 300 እንደሆነ መታወቅ አለበት። ዓይን ያለው ሰው ይህን በአንድ አፍታ ያገናኘዋል፤ ጣቱን ወደ ላይ ይሰድና የወሩን ስም፣ ወደ ጎን ይሰድና የቤቱን ቁጥር ያገኛል። የማያይ ሰው ይህን የሚያገናኝለት ሶፍትዌር ነው፤ ሶፍትዌሩ ደግሞ ገጹን እንደ ሥዕል አያየውም፣ ከገጹ በስተጀርባ ያለውን አደረጃጀት ነው የሚያነበው።

ጎረቤቴ በላፕቶፑ የሚጠቀምበት ኤንቪዲኤ የተባለው የስክሪን አንባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በአውስትራሊያ ማይክል ከረን የተባለ ዓይነ ስውር ወጣት የጀመረው፣ ጄምስ ቴህ የተባለ ሌላ ዓይነ ስውር የተቀላቀለው፣ እስከ ዛሬም በነፃ የሚገኝ ሶፍትዌር ነው። አብሮት የሚመጣው የአማርኛ ድምፅ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል፤ ጎረቤቴ ግን ለምዶታል፣ እኔ ቃል በማልለይበት ፍጥነት ያስነብበዋል። በድረ ገጽ ወይም በወርድ ሰነድ ላይ ሰንጠረዥ ሲያገኝ ኮንትሮልንና አልትን ተጭኖ በቀስት ቁልፎቹ ከሳጥን ወደ ሳጥን ይሄዳል። ወደ ጎን ሲራመድ የዓምዱ ርዕስ፣ ወደ ታች ሲወርድ የረድፉ ርዕስ ይጠራለታል፤ «ኅዳር፣ 300» ይላል ድምፁ። ይህ የሚሆነው ግን ሰንጠረዡን የሠራው ሰው የትኛው ሳጥን ርዕስ እንደሆነ ለኮምፒውተሩ ከነገረው ነው። ካልነገረው «300፣ 300፣ ባዶ፣ 300» እያለ ይቀጥላል፤ ሰሚው ባዶው የማን እንደሆነ በጣቱ ሲቆጥር ይውላል።

መንገሩ ከባድ አይደለም። ኤክሴል ውስጥ ዝርዝሩን መርጦ ኮንትሮልና ‹ቲ› መጫንና የመጀመሪያው ረድፍ ርዕስ ነው የሚለውን ማመልከት ነው። ወርድ ውስጥ የርዕሱ ረድፍ በየገጹ እንዲደገም ማዘዝ ነው። ድረ ገጽ የሚሠራ ሰው የርዕስ ሳጥኖችን ‹ቲኤች› በሚባለው ምልክት ከተራዎቹ ‹ቲዲ› ሳጥኖች ይለያቸዋል። ፊደሉን ማደመቅ፣ ከስሩ ማስመር፣ ሰማያዊ መቀባት ከዚህ አይቆጠርም። ለዓይን ርዕስ ይመስላል እንጂ ለማሽኑ ከሌላው ሳጥን የተለየ ነገር የለውም።

የእኛ ፋይል ከዚህ የባሰ ነበር። የማኅበሩ ስም 16 ዓምዶችን ባዋሃደ አንድ ትልቅ ሳጥን ውስጥ ተጽፏል። ከሥሩ ሦስት የርዕስ ረድፎች አሉ። በግራ በኩል «ሁለተኛ ፎቅ» የሚለው ቃል ስምንት ረድፎችን ውጦ ወደ ጎን ተጋድሟል። በየፎቁ መካከል ለውበት የተተወ ባዶ ረድፍ አለ። አንዳንዱ ሳጥን ውስጥ ቁጥርና ወሬ ተቀላቅለዋል፦ «150 ግማሹን ለጥር ብለዋል»። ድምሩ በካልኩሌተር ተሠርቶ በእጅ የገባ ነው፤ ምክንያቱም ወሬ የተቀላቀለበትን ሳጥን ኤክሴል አይደምርም። እትዬ ዝርዝሩን በቤት ቁጥር ለመደርደር ሲሞክሩ ኤክሴል የተዋሃዱት ሳጥኖች እኩል መጠን ካልሆኑ አልሠራም ብሎ ይመልሳቸው ነበር። አንድ አዲስ አባወራ ሲገባ ደግሞ ረድፍ መጨመሩ የፎቁን ሳጥን ያናጋዋል። «ሌላው ይፈርስብኛል» ያሉት ይህንን ነው። የስክሪን አንባቢውም እዚያው ቦታ ላይ ነው የሚደናቀፈው፤ ስምንት ረድፍ የዋጠውን ሳጥን በመጀመሪያው ረድፍ ላይ ብቻ ያነበውና የቀሩት ሰባቱ ፎቅ አልባ ይሆናሉ።

ቀለሙም እንደዚያው ነው። ለጎረቤቴ ቀይና አረንጓዴ የሉም። ግን ከጎረቤቴ በፊት ቀለሙን ያጠፋው ፎቶ ኮፒ ቤቱ ነው። ወረቀቱ በጥቁርና ነጭ ሲባዛ የቀይ ባለዕዳና የቢጫ «በከፊል የከፈለ» አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ይወጣሉ። ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ጥምረት እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በሚያወጣቸው የተደራሽነት መመሪያዎች ቀለም ብቻውን መልእክት ተሸካሚ አይሁን የሚለው ሐሳብ ከመጀመሪያው እትም ጀምሮ አለ። ቀለሙ ይኑር፤ አጠገቡ «አልተከፈለም» የሚል ቃል ይጻፍ። ይኸው ነው።

አሁን ወደ እንቆቅልሹ፦ ኅዳር 5 የተከፈለ ገንዘብ እንዴት ሳይታይ ቀረ? እትዬ ግዴለሽ ሴት አይደሉም። በፋይሉ ሁለተኛ ገጽ ላይ ከባንክ የገባውን ሁሉ በየቀኑ ይመዘግባሉ። በወሩ መጨረሻ በቀን ይደረድሩትና ከታች ያሉትን አዳዲሶቹን ክፍያዎች እያዩ ዋናውን ሰንጠረዥ ይሞላሉ። አሠራሩ ምንም ስህተት የለበትም። ስህተቱ ኤክሴል የእኛን ዘመን አቆጣጠር አለማወቁ ነው።

ብዙዎቹ ኮምፒውተሮች እንደተገዙ የሚሠሩት በአሜሪካ አጻጻፍ ነው፤ ወር ይቀድማል፣ ቀን ይከተላል። እትዬ ኅዳር 5ን 5/3/2017 ብለው ሲያስገቡ ኤክሴል «ሜይ 3» ብሎ ተረዳው። መስከረም 6፣ ማለትም 6/1/2017፣ «ጁን 1» ሆነ። ስለዚህ በቀን ሲደረደር የኅዳሩ ክፍያ ከመስከረሙ በላይ ወጥቶ ተቀመጠ። ኅዳር 13 ላይ የከፈለውስ? 13ኛ ወር በፈረንጅ የለምና ኤክሴል 13/3/2017ን እንደ ቀን ሳይሆን እንደ ተራ ጽሑፍ ይወስደዋል፤ ጽሑፍ ደግሞ ሲደረደር ከቀኖቹ ሁሉ በታች ነው የሚሄደው። ፋይሉን በጥሞና ላየው ምልክቱ ግልጽ ነበር። ከወሩ 1 እስከ 12 ባሉት ቀኖች የተመዘገቡት እንደ ቀን ወደ ቀኝ ተጠግተዋል፣ ከ13 እስከ 30 ያሉት እንደ ጽሑፍ ወደ ግራ። አንድ ዓምድ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። እትዬ ከታች ሲያዩ ያገኙት ከ13 ጀምሮ የከፈሉትን ብቻ ነው። በጊዜው የከፈለው መምህር ተቀጣ፤ ዘግይተው የከፈሉት አረንጓዴ ሆኑ።

ኮምፒውተሩን ቀን የሚያስቀድም አጻጻፍ ላይ ማድረግ ነገሩን ያቃልለዋል እንጂ አይፈታውም። ጥቅምት 30ን 30/2 ብለን ስንጽፍ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን የለምና እንደገና ጽሑፍ ይሆናል። ጳጉሜንማ ተስፋ የላትም፤ በአሜሪካው አጻጻፍ ጳጉሜን 5፣ 5/13/2016 ተብላ ስትገባ ሳታንገራግር «ሜይ 13» ትሆናለች። (ደግነቱ የእኛ መዋጮ እንደ ደመወዝ 12 ወር ነው፤ ጳጉሜንን ሞተሩ በነፃ ይገፋል።) ያገኘነው መላ ቀላል ነው፦ ቀን፣ ወር፣ ዓመት በሦስት የተለያዩ ዓምዶች። ወሩ በቁጥር ይጻፋል። እንዲህ ከሆነ ኤክሴል ቀን መሆኑን ስለማያውቅ አያበላሸውም፣ መደርደሩ ግን በትክክል ይሠራል። ለሚያዳምጥ ሰውም «ቀን 5፣ ወር 3» መባሉ አያሻማም።

የቤት ቁጥርም ተመሳሳይ ዕጣ ደርሶበት ነበር። ሦስተኛ ፎቅ ቤት 12 ለማለት 3/12 የተጻፈው «12 ማርች» ሆኖ ተገኘ። በ09 የሚጀምሩት ስልኮች የመጀመሪያ ዜሯቸውን ጥለዋል። እንዲህ ያለው ነገር የሰፈር ኮሚቴ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። በዘረመል ሳይንስ ‹ሴፕት1› እና ‹ማርች1› የሚባሉ የሰው ጂኖች ነበሩ፤ ኤክሴል ወደ ሴፕቴምበርና ወደ ማርች እየቀየራቸው የምርምር ጽሑፎች ውስጥ ስህተት ሲዘራ ኖረ። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ2020 ዓለም አቀፉ የጂን ስያሜ ኮሚቴ የእነዚህን ጂኖች ስም ራሱን ለወጠው፤ ‹ሴፕቲን1› እና ‹ማርችኤፍ1› ተባሉ። ማይክሮሶፍት ይህን አውቶማቲክ ለውጥ ማጥፊያ ምርጫ ያስገባው ከዚያ በኋላ በ2023 ነው። የዓለም ሳይንቲስቶች ስም ከቀየሩ እኛ የቤት ቁጥራችንን ዓምዱን አስቀድመን ጽሑፍ ነው ብለን መመደብ አያቅተንም።

በስም መፈለግ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ ይኼኛው የራሳችን ነው። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ፤ ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ። ለእኛ ጆሮ አንድ የሆኑት ለኮምፒውተር ስድስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። አንዱን ሲፈልጉት ሌላው አይመጣም። ሲደረደሩም ሀይሉ ከዝርዝሩ ራስ ላይ ሲቀመጥ ኃይሉ ከተስፋዬ በኋላ ይገኛል፤ ኮምፒውተሮች ፊደላትን በሚለዩበት በዩኒኮድ ሥርዓት ቅደም ተከተል ኀ የመጣችው ከቸ በኋላ ነውና። ሰንጠረዥ የሚለው ቃል ራሱ በሰም በሠም ይጻፋል። የሞክሼ ፊደላትን ክርክር ለቋንቋ ሊቃውንቱ ትተን በሰንጠረዡ ረገድ መውጫው ስምን መለያ አለማድረግ ነው። መለያው የቤት ቁጥር ይሁን፤ ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም ለየብቻ ዓምድ ይኑራቸው።

ቤቶቹን ስንረከብ የተሰጠን የነዋሪ ዝርዝር ላይ የገጠመን ደግሞ የሚያስቅም የሚያናድድም ነው። የተጻፈው ከዩኒኮድ በፊት በነበረ የግዕዝ ፊደል ሶፍትዌር ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን ከዚያ በፊት የነበሩት ሶፍትዌሮች የላቲን ፊደላትን የግዕዝ ቀሚስ አልብሰው ነው የሚያሳዩት። ለዓይን ንጹሕ አማርኛ ነው። ጎረቤቴ ላፕቶፕ ላይ ሲከፈት ግን ድምፁ ትርጉም የሌለው የእንግሊዝኛ ፊደል ክምር መጥራት ጀመረ። ገልብጠን ወደ አዲሱ ፋይል ስንለጥፈውም ያው ክምር ሆኖ ወጣ። የማይደመጥ የነበረው የማይታረምም ሆኖ ተገኘ። 38ቱን አባወራ እንደገና ከመተየብ ሌላ አማራጭ አልነበረም።

አዲሱን ስንሠራ የቀየርነው ዋናው ነገር የመዝገቡ አቀማመጥ ነው። የድሮው በየወሩ አንድ ዓምድ እየጨመረ ወደ ጎን ያድግ ነበር፤ በስልክ ስክሪን ላይ ሰኔን ለማየት የቤት ቁጥሩ ከዓይን መሰወር አለበት። አዲሱ ወደ ታች ነው የሚያድገው። አንድ ክፍያ አንድ ረድፍ፦ የቤት ቁጥር፣ የመዋጮ ወር፣ የተከፈለበት ቀን፣ ወርና ዓመት፣ ብር፣ የደረሰኝ ቁጥር፣ ማስታወሻ። የተዋሃደ ሳጥን የለም፣ ባዶ ረድፍ የለም፣ ወሬው ማስታወሻ ውስጥ ይገባል። ግማሽ የከፈለ ሰው ሁለት ረድፍ ይኖረዋል። እትዬ ከስልካቸው ላይ መጨረሻው ረድፍ ሄደው መጻፍ ብቻ ነው የሚጠበቅባቸው፤ የሚፈርስ ነገር የለም። ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው የወራት ሰንጠረዥ ከዚህ መዝገብ ፒቮት በተባለው የኤክሴል ማጠቃለያ መሣሪያ በራሱ ይወጣል። መዝገብ ሌላ፣ ማሳያ ሌላ፤ የድሮው ፋይል ችግር ሁለቱን አንድ ላይ ለመሆን መሞከሩ ነበር።

ያልተሳካም አለ። 38 ቤት በ12 ወር ሲባዛ ቢያንስ 456 ረድፍ ነው። ጎረቤቴ የመጀመሪያውን ቀን አዳምጦት «ይኼማ ውዳሴ ማርያም ሆነብኝ» አለ። ለእሱ የሚያስፈልገው የራሱን ቤት ብቻ አጣርቶ ማየት ነው፤ ማጣሪያውን ለመልመድ ሁለት ምሽት ፈጀብን። ሁላችንም በአንድ ጊዜ የምንጽፍበት የጋራ ፋይል በኢንተርኔት ላይ አድርገን ነበር፤ መብራት በጠፋና ኔትወርኩ በደከመ ቁጥር ግን አንዱ በስልኩ የራሱን ቅጂ እያወረደ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ የተስተካከለ»፣ «የመጨረሻ አዲስ» የሚባሉ ፋይሎች ተፈለፈሉ። አሁን መብራት ሲጠፋ በደብተር ይጻፋል፣ ሲመጣ እትዬ ያስገባሉ። ያረጀ መላ ነው፤ ይሠራል።

ከሁሉም የከበደው ማኅተሙ ነው። ማኅተም የሌለበትን ወረቀት ማን ያምነዋል? ሰንጠረዡ ታትሞ፣ ተፈርሞ፣ ማኅተም አርፎበት እንደገና ፎቶ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ በየመሥሪያ ቤቱም ቴሌግራም ላይ የምናያቸው የስም ዝርዝሮች ጠማማ ፎቶ የሆኑበት ምክንያት ይኸው ነው። ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም፤ እምነት የሚጣልበት ማኅተሙ ላይ ስለሆነ ነው። እዚህ የምንኖር ሰዎች ደግሞ «ዝርዝሩ ተነካክቷል» የሚለውን ቃል እንዲሁ አንሰማውም። በሐምሌ 2014 የ25,791 የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ ወጥቶ በቀናት ውስጥ ተሰርዟል፤ ብቁ የነበሩት ቆጣቢዎች ከ79 ሺህ ጥቂት የሚበልጡ ሲሆኑ ወደ ሲስተሙ የገባው ዝርዝር ግን ከ172 ሺህ በላይ ሆኖ መገኘቱን የከተማው አስተዳደር አስታውቆ ነበር። ዕጣው እንደገና የወጣው በኅዳር 2015 ነው። ስለዚህ አንድ አዛውንት በስብሰባ ላይ «ሁሉም የሚያርመው ከሆነ ማን አበላሸው ብለን እንጠይቃለን?» ብለው ሲነሱ መልስ የሚገባው ጥያቄ ነበር። የተስማማነው፦ ረድፍ አይሰረዝም። የተሳሳተ ረድፍ በማስታወሻው «ተሰርዟል» ይባልና ትክክለኛው ከታች ይጨመራል። ፋይሉን የሚጽፉት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ የሚያነበው ሁሉም።

ሁሉም ያነበዋል ስንል ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይነሳል። ፎቶ የነበረውን ወደ ጽሑፍ ስንቀይረው ለጎረቤቴ እንደተከፈተ ሁሉ ለማንም ገልባጭ ተከፍቷል። የድሮው ዝርዝር ስምንና ስልክን ከዕዳ ጋር አብሮ ይሰቅል ነበር። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህን ጉዳይ ቀለል አድርጎ ማየት አይቻልም፤ ከአዋጁ በፊትም ነውር ነበር። ለሕዝብ የሚወጣው የቤት ቁጥር ብቻ ነው፤ ስሙና ስልኩ በኮሚቴው ቅጂ ውስጥ ይቀራል። በሌላው በኩል ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 9 ተደራሽነትን ሲጠራ ከሕንፃና ከትራንስፖርት እኩል መረጃንም ይጠቅሳል። ሕንፃችን ሊፍት የለውም፤ ያንን ኮሚቴው አይፈታውም። ሰንጠረዡን ግን ይችላል።

ጥር ላይ አንድ ምሽት ጎረቤቴ ደወለልኝ። ፋይሉን በጆሮው ሲያስሰው አምሽቷል። «ረድፍ 141 እና ረድፍ 158 ላይ የደረሰኝ ቁጥሩ አንድ ነው፣ እስቲ እየው» አለ። ትክክል ነበር፤ አንድ ክፍያ ሁለት ጊዜ ገብቷል። እትዬ 158ኛውን «ተሰርዟል» ብለው ከጎኑ ቀኑን ጻፉ።

ቴሌግራም ላይ እስካሁን ማኅተም ያለበት ፎቶ ከላይ፣ የሚነበበው ፋይል ከሥሩ አብረው ይላካሉ። በዚያ ሳምንት የተለጠፈው ፎቶ የተነሳው ከእርማቱ በፊት ስለነበር ሁለቱ በ300 ብር ይለያዩ ነበር። አንድ ነዋሪ «የትኛው ነው ልክ?» ብሎ ቡድኑ ላይ ጠየቀ። ጉዳዩ ለየካቲቱ ስብሰባ ተቀጠረ።